ሁለት መርፌ፣ አንድ ክር፦ በቤት የሚሰፋ የቆዳ ስጦታ

ታናሽ ወንድሜ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ነበር የሚይዛቸው። አንዱ ላስቲክ ሲበጠስ ሌላ ይፈልጋል። ለልደቱ የካርድ መያዣ ልሠራለት ስነሳ ቆዳ በእጄ ቆርጬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመነጽር ማኅደርም፣ የቁልፍ ማንጠልጠያም፣ የደብተር ልባስም ሰፍቼ ሰጥቻለሁ፤ ከምን ልጀምር ለሚለኝ ሰው ግን መልሴ ያው የካርድ መያዣው ነው። የሚፈልገው ቆዳ ጥቂት ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል፣ ደግሞም ትልቅ ቦርሳ ላይ ያለው ሥራ ሁሉ አለበት። ስለዚህ እሱኑ ይዘን እንሂድ።

በመጀመሪያ ቆዳው። ሁለት ዓይነት ቆዳ በብዛት ታገኛላችሁ። አንዱ ከዛፍ ልጣጭና ከመሳሰሉት ዕፅዋት በሚወጣ ታኒን የለፋ ነው፤ ለመልፋት ሳምንታት ይፈጃል። ሌላው በክሮም ጨው የለፋ ሲሆን እሱ እጅግ ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳና ተጣጣፊም ነው። ለመለየት የተቆረጠ ጠርዙን እዩ፤ የክሮሙ መሐሉ ብዙ ጊዜ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ይወስደዋል። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ በታኒን የለፋው ውሃውን ይመጠውና ይጠቁራል። ለካርድ መያዣ የምመርጠው ይህንኛውን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጠርዙም ሲታሽ እንደ ተወለወለ እንጨት ያበራል። የክሮሙ ጠርዝ የቱንም ያህል ብታሹት እንዲያ አይሆንም። ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ይሁን። ሦስት ንብርብር ስለምንሰፋ ከዚያ የወፈረው ኪስ ውስጥ ይከብዳል።

ሙሉ ቆዳ መግዛት አያስፈልግም። ቆዳ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ይበቃል። ሲመርጡ ግን እጃችሁ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ከእንስሳው ሆድ በኩል የመጣው ይለጠጣል፣ ከጀርባው የመጣው ይጸናል። የሚለጠጥ ቆዳ ዛሬ ልክ ይመስልና ከወር በኋላ ካርዱን ይጥለዋል።

ልኩን በካርቶን አውጡ። የባንክ ካርድ በየትም አገር 85.6 በ54 ሚሊሜትር ነው። መሐሉን 100 በ70፣ ከፊቱና ከኋላው የሚለጠፉትን ሁለቱን ኪሶች ደግሞ እያንዳንዳቸውን 100 በ50 እቆርጣለሁ። ስፌቱ ከጠርዙ 3.5 ሚሊሜትር ገባ ስለሚል በግራና በቀኝ ስፌት መካከል 93 ሚሊሜትር ይቀራል፤ ካርዱ ወደ 7 ሚሊሜትር ያህል መላወሻ አገኘ ማለት ነው። ይህ መላወሻ ትርፍ አይደለም፤ ሦስት አራት ካርድ ሲደራረብ ቆዳው መነፋት አለበት። የኪሱ ጥልቀት ከካርዱ ስለሚያንስ ካርዱ ከላይ ጥቂት ብቅ ይላል፣ በጣት ይያዛል። የካርቶኑን ልክ ከሠራችሁ በኋላ እውነተኛ ካርድ አስቀምጡበት። የስጦታው ባለቤት ሌላ የሚይዘው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከካርድ የሚተልቅ መታወቂያ፣ መለካት ያለባችሁ እሱን ነው። ለእህቴ የሠራሁት የመጀመሪያው የመነጽር ማኅደር መነጽሯን ሳልለካ በግምት ቆርጬው አልዘጋ ብሎ ቀረ።

ስትቆርጡ የቆዳው ፊት፣ ፀጉር የነበረበት ለስላሳው በኩል፣ ወደ ላይ ይሁን። አዲስ ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ከሥር ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ። በአንድ ጉልበት በጥሶ ለመውጣት አትሞክሩ፤ ቀለል አድርጋችሁ ሦስቴ አራቴ መልሱበት። ምላጩ ወደ ጎን ካዘነበለ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ አይገጥምም፣ ሲሰፋም ይታወቃል። ማዕዘኖቹን በሳንቲም አስምሬ አከባለሁ፤ ሹል ማዕዘን ኪስ ውስጥ ቶሎ ይታጠፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። የኪሶቹን አፍና የመሐለኛውን የላይ ጠርዝ ከመጣበቃቸው በፊት ጨርሱ። ከተሰፋ በኋላ የኪሱ አፍ ከጀርባው ቆዳ ጋር ስለሚጠጋ እጅ አይገባም። ጠርዙን መጀመሪያ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ በእርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ በወፍራም የጂንስ ጨርቅ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ እስኪሞቅ ፈትጉት። ጭረቱ ተኝቶ ሲያበራ ዓይናችሁ ያየዋል። በመጨረሻ የንብ ሰም አሳርፉበትና እንደገና ፈትጉት።

እርጥብ ቆዳ ላይ ብረት አታስቀምጡ። አንድ ምሽት መቀሴን ረስቼበት አደርኩና ጠዋት የመቀሱ ቅርጽ በጥቁር ታትሞ አገኘሁት። ብረትና ታኒን ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይሠራሉ፤ ድሮ የጽሕፈት ቀለም ያዘጋጁበት የነበረውም በዚሁ መንገድ ነው። ታጥቦ አይለቅም። ያንን ቁራጭ ለቁልፍ ማንጠልጠያ አደረግሁት።

ለማጣበቅ ማስቲሽ እጠቀማለሁ። የሚቀባው ጠርዝ ጠርዙን 4 ሚሊሜትር ያህል፣ በሦስት ጎን ብቻ ነው፤ አፉ ክፍት ይቀራል። ለስላሳው ፊት ላይ ማስቲሽ አይዝም፤ ስለዚህ የሚቀባውን መስመር በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት። ሁለቱንም ገጾች ቀብታችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት ሲነኩት እንዳይከተል። ከዚያ ስትገጥሙ አንዴ ከነካ አይላቀቅምና ከታችኛው ማዕዘን ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት። መስኮት ይከፈት፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

ቀጥሎ ቀዳዳው። በኮምፓስ ከጠርዙ 3.5 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፤ አንዱ እግር ጠርዙን ይዞ ሲሄድ ሌላው ቆዳውን ይጭራል። መስመሩ ላይ በየ4 ሚሊሜትሩ ነጥብ አድርጉ። ለዚህ የሚሸጥ ባለጥርስ መብሻ አለ፤ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ማስመሪያና ወስፌ ይበቃል። ለቦርሳና ለትልልቅ ነገር የሹካ ጥርስም ያገለግላል፤ የመጨረሻውን ጥርስ ቀድሞ በተመታው ነጥብ ላይ እያሳረፋችሁ መሄድ ነው። ለካርድ መያዣ ግን የሹካ ጥርስ ይራራቃል። ወስፌውን ቀጥ አድርጋችሁ ውጉ፣ በየአምስት ቀዳዳው ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ከፊት የተስተካከለ መስመር ከኋላ እየተጣመመ ከሆነ እጃችሁ እያዘነበለ ነው። እኔ ስጦታ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፤ የሰፊው ትዕግሥት የሚታወቀው እዚያ ነው።

ወደ ስፌቱ ደረስን፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኮርቻ ስፌት ይባላል። ክሩ አንድ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ አለው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም መርፌዎች ያልፋሉ። የመኪና ስፌት ከላይ አንድ ክር፣ ከታች አንድ ክር ሆኖ መሐል ላይ ይቆላለፋል፤ አንዱ ሲበጠስ የሌላው መያዣ ስለሚጠፋ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። በኮርቻ ስፌት አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ወገን በዚያው ቀዳዳ አልፎ ይዞ ይቆያል። በእጅ ለመስፋት ምክንያቴ ይኸው ነው።

ክሩ 0.6 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሰም የተቀባ የተልባ ወይም የፖሊስተር ክር ይሁን። ርዝመቱ ከስፌቱ መስመር አራት እጥፍ፣ ለመርፌዎቹ ደግሞ ጥቂት ጭማሪ። የኛ መስመር 19 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሜትር ከ10 እቆርጣለሁ። መርፌዎቹ ጫፋቸው ደነዝ ይሁን፤ ቀዳዳው ተበስቷልና የሚወጋ አያስፈልግም፣ ሹል መርፌ የመጀመሪያውን ክር መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ክሩ ከመርፌው እንዳይወጣ በቀዳዳው አሳልፋችሁ፣ የክሩን ጫፍ አጠገብ በመርፌው ሁለቴ ወግታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ራሱን ይቆልፋል።

ሥራውን በሁለት ጣውላ መካከል አድርጌ በጉልበቶቼ አጣብቄ እይዘዋለሁ፤ ሁለቱም እጆች ነፃ መሆን አለባቸው። አንዱን መርፌ በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፉና ክሩን በግራና በቀኝ እኩል አድርጉ። የኪሱ አፍ ብዙ ስለሚሳብ እዚያ ላይ ክሩን በጠርዙ ዙሪያ ሁለቴ አዙሩት። ከዚያ ሁለተኛው ቀዳዳ፦ የግራው መርፌ ይቀድማል፣ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ክሩ ጥቂት ይሳባል። የቀኙ መርፌ በዚያው ቀዳዳ፣ ካለፈው ክር በታች ይገባል። ሲገባ የመጀመሪያውን ክር ወደ ኋላ ሳብ መለስ አድርጉት፤ በነፃ ከተንቀሳቀሰ አልተወጋም። አሁን ሁለቱንም እኩል ሳቡ። ቆዳው እስኪሸበሸብ አይደለም፣ ክሩ እስኪተኛ ነው። እስከ መጨረሻው ግራ ከቀደመ ግራ ይቅደም፤ የታችና የላይ ቦታቸውም አይለዋወጥ። ስፌት የሚዛነፈው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ወደ 47 ቀዳዳ ስላለ እጃችሁ ከአሥረኛው በኋላ ይለምደዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ካልጣሟችሁ ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ቆዳው አይጎዳም።

ሲያልቅ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ተመልሳችሁ ስፉ፣ ክሩን ከሥሩ ቁረጡ። ፖሊስተር ከሆነ ጫፉን በላይተር ለቅጽበት ብቻ አቅልጡት። የተልባ ክር ሰሙ ይይዘዋል። ስፌቱን በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፣ ይተኛል። የቀሩትን ሦስት ጎኖች ሦስቱ ንብርብር አንድ እስኪመስሉ በ240፣ በ400፣ በ600 እሹና እንደ ቅድሙ ፈትጉ፣ ሰም ቀቡ።

ቀለም አልቀባውም። ያልተቀባ ቆዳ በእጅ ወዝና በፀሐይ ራሱ ይጠቁራል፣ ባለቤቱም በራሱ አያያዝ ቀለም ያወጣለታል። ስሰጥ አንድ ነገር ብቻ እነግራለሁ፦ ከረጠበ በጥላ ይድረቅ፣ እሳት ዳር ከቀረበ ይኮማተራል፣ ይደርቃል። ከዚያ 40 ሴንቲሜትር ያህል ከዚያው ክር በትንሽ ካርቶን ጠምጥሜ አንዱ ኪስ ውስጥ እከታለሁ።

የወንድሜ መያዣ በአራተኛ ዓመቱ ኪሱ አፍ ላይ አንደኛው ክር ተበላ። ካርዶቹ አልወደቁም፤ ሌላኛው ወገን ይዞ ነበር። ክሩን ካርቶኑ ላይ እንደተጠመጠመ ይዞልኝ መጣ። ከተበጠሰበት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ፈታሁ፣ አዲሱን ክር ከጤነኛው ስፌት ላይ ጀምሬ እስከ አፉ ሰፋሁ፣ ጠርዙን ሁለቴ አዙሬ ተመለስኩ። አዲሱ ክር ነጣ ብሎ ይታያል፤ አሁንም ይዞት ይሄዳል።