የታደሰ የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስታዩ ቅርጹን ብቻ አትመኑ

እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሳይተው «800 ዓመቱ ነው» ቢሏችሁ ግማሹን ብቻ እመኑ። አብዛኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታድሰዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አዳሾቹ ደግሞ የድሮውን አስመስለው ስለሠሩ፣ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

ቶሎ ወደ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ ዙሪያውን ዙሩ። የተደፈነ በር ወይም መስኮት ፈልጉ። ከማማው ግድግዳ ላይ፣ ከአሁኑ ጣሪያ በላይ፣ «ለ» ፊደልን የመሰለ መስመር ካያችሁ የድሮው ሾጣጣ ጣሪያ ያረፈበት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ደቡቡ በር ሂዱ። እዚያ አካባቢ ድንጋዩ ላይ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ፣ መዳፍ የሚያህል ጭረት ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀዳዳው ውስጥ እንጨት ይሰካና ጥላው የቅዳሴ ሰዓት ይናገር ነበር። ጭረቱ ያለው ፀሐይ በማይደርስበት በረንዳ ውስጥ ከሆነስ? ወይ በረንዳው በኋላ የተጨመረ ነው፣ ወይ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጥቷል። እኔ ከሁሉም በላይ ይሄን መፈለግ ነው ደስ የሚለኝ።

ቅስቶቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። ክብና ወፍራም ከሆነ በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት የኖርማኖች አሠራር ነው። ጠባብና ጫፉ ሹል መስኮት በአብዛኛው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመስኮቱ ድንጋይ እንደ ሐረግ ከተጠማዘዘ ወደ 14ኛው ውሰዱት፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከወጡ ደግሞ ከዚያ እስከ 16ኛው መጀመሪያ ያለው ነው።

ችግሩ፣ ቅርጽ ይዋሻል። የ1860ዎቹ ጠራቢም የ13ኛውን ክፍለ ዘመን መስኮት አሳምሮ ይቀርጻል። ስለዚህ ባትሪ ያዙና ብርሃኑን ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ አድርጋችሁ አብሩት። የኖርማን ድንጋይ ላይ ሰያፍ የመጥረቢያ ምት ይታያል፤ ምቱም እኩል አይደለም። ጠርዙ እንደ ትናንት የተሳለ፣ መጋጠሚያው ቀጭን፣ ሁሉም ወጥ ከሆነ ግን ተጠራጠሩ።

ውስጡ ልስን የሌለው ሻካራ ድንጋይ ከሆነ «እንዴት ጥንታዊ ነው!» ለማለት አትቸኩሉ። በመካከለኛው ዘመን ግድግዳው ተለስኖ ሥዕል ይሣልበት ነበር። ልስኑን ፍቀው ያነሱት ብዙ ጊዜ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳሾች ናቸው፤ በዚህም ብዙ ሥዕል አብሮ ጠፍቷል። እንግሊዛዊው ዲዛይነርና ገጣሚ ዊልያም ሞሪስ በዚህ ዓይነቱ እድሳት ተናዶ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ሲያቋቁም ማኅበሩ «አንቲ ስክሬፕ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ፍቅፈቃን ተቃዋሚ እንደማለት ነው።

ከመቅደሱ በፊት ባለው ትልቅ ቅስት አጠገብ፣ ከፍ ብሎ የትም የማያደርስ ትንሽ በር ካለ ፎቶ አንሱት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ለውጥ ጊዜ ወደፈረሰው የመስቀል ሰገነት፣ ማለትም ትልቅ መስቀል ወደቆመበት ከፍ ያለ መድረክ፣ ያወጣ ነበር።

በመጨረሻ የመጠመቂያውን ገንዳ ከንፈር እዩ። ትይዩ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ተሸርፎ ከተጠገነ፣ ክዳኑን የያዘው ብረት የነበረበት ሊሆን ይችላል። ሰው ጸበሉን ለአስማት እንዳይወስደው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገንዳው እንዲቆለፍ ታዝዞ ነበር። ከንፈሩ ምንም ጭረት ከሌለው ግን ገንዳው አዲስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ባትሪያችሁ ተመለሱ።