በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረ ቲያትር ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ምሳሌዬን ከናይጄሪያ፣ ከዮሩባዎች ነው የማመጣው። ሌላ አገር ላይም ይሠራል፣ ግን እዚያ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል።

አንደኛው ስህተት «ቲያትርን ያመጡልን ነጮች ናቸው» የሚለው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ክላፐርተን እ.ኤ.አ. በ1826 የዮሩባዎቹ የኦዮ ንጉሥ ከተማ ሲደርስ ጭምብል ለባሾች ትርኢት አሳዩት። ከትርኢቱ መሀል አንድ «ነጭ» ወጣ፤ ከሲታ፣ በብርድ የሚንዘፈዘፍ፣ እጁን የሚያፋትግ፣ ሱረት የሚምግ፣ በባዶ እግሩ በረዶ የያዘው መሬት የሚረግጥ ይመስል እየተሳቀቀ የሚራመድ። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ክላፐርተን ራሱም ተዋናዩ እንደተዋጣለት በማስታወሻው አምኗል። እንግሊዞች ሌጎስን የያዙት በ1861 ነው፣ እና ሰዎቹ ገና በቅኝ ሳይያዙ ነው ገዢያቸው ላይ ማላገጥ የጀመሩት። ትርኢቱ የበቀለውም ሙታን አባቶች ከሚከበሩበት ከኤጉንጉን ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው፣ ከበሮውንና ጭፈራውን እንደ ማድመቂያ ማየት። ፖሊስ የነበረው የዮሩባ ቲያትር ሰው ሁበርት ኦጉንዴ በ1944 የመጀመሪያ ሥራውን ያቀረበው ለቤተ ክርስቲያን ነው። የሚስዮኖች መዝሙር ከበሮን በማይወድበት ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በዮሩባ ዜማና ጭፈራ ሲቀርብ፣ ያ ራሱ መልእክት ነው።

«ፖለቲካውን በግልጽ ካልተናገረ ፖለቲካ የለበትም» የሚሉም አሉ። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እንዲህ ሲል ይገርመኛል። በ1945 ናይጄሪያ ውስጥ ታላቅ የሠራተኞች አድማ ተነሣ። ኦጉንዴ አድማውን ሕዝቡን በሚያስርብ ጨካኝ ንጉሥ ታሪክ አድርጎ መድረክ ላይ አወጣው። ጆስ ከተማ ላይ ትርኢቱ ታገደ፣ እሱም 125 ፓውንድ ተቀጣ። ወርቁ ለባለሥልጣኖቹም ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ደግሞ ያልተነካካ «ንጹሕ ባህል» አትፈልጉ። ይኸው ኦጉንዴ በ1947 ለንደን ሄዶ የፈረንጅ ዳንስ ተምሯል፤ ዮሩባነቱ አልጎደለም።

የመጨረሻው፣ ሁሉን ነገር «የባህል ግጭት» ብሎ መገላገል። ናይጄሪያዊው ጸሐፌ ተውኔት ወሌ ሶይንካ በ1975 ባሳተመው «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» በተባለው ተውኔት ውስጥ እንግሊዛዊው ሹምና ሚስቱ ከባለቤቶቹ የተነጠቀ የኤጉንጉን ልብስ ለብሰው ወደ ጭፈራ ግብዣ ሲሄዱ ታያላችሁ፤ ለእነሱ የመሸፋፈኛ ቀሚስ ነው፣ ለሚያያቸው ዮሩባ ግን የሚያስደነግጥ ድፍረት። ይህን «ግጭት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሶይንካ ግን እንግሊዙ ለነገሩ ማቀጣጠያ ብቻ እንደሆነ፣ ዋናው ጉዳይ ያለው ሟቹን ንጉሥ ተከትሎ እንዲሞት በሚጠበቅበት በፈረሰኛው ውስጥ እንደሆነ ገና መቅድሙ ላይ ያስጠነቅቃል። መቅድም የሚያነብ ሰው ግን ያለ አይመስልም።