ከወንጭፍ ወደ አየር ጠመንጃ፦ በእንግሊዝ እርሻ ላይ ሥራ ለጀመሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች

በሰሜን ሸዋ ገጠር ያደገ ሰው ሰብልን ከአውሬ ለመጠበቅ አስተማሪ አያሻውም። በመንዝ ገብሱን ከጭላዳ፣ በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ ማሽላውን ቀን ከግሪሳ ወፍ፣ ማታ ከከርከሮና ከጃርት ሲከላከል የኖረ፣ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያዞረና ጅራፍ ያጮኸ ሰው፣ እንግሊዝ አገር መጥቶ እርሻ ላይ ሥራ ሲያገኝና ባለእርሻው «ጥንቸል ስንዴዬን ፈጀው፤ የአየር ጠመንጃ ቢኖርህ መልካም ነበር» ሲለው የሚያውቀው ሥራ እንደ ገጠመው ይሰማዋል። እውነትም ሥራውን ያውቀዋል። የማያውቀው ሕጉን፣ መሣሪያውን (በባሩድ ሳይሆን በአየር ግፊት የሚተኩሰውን ጠመንጃ) እና ዋጋውን ነው። እኔ በእነዚህ በሦስቱ ገንዘብም ጊዜም አጥፍቻለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ወገኔ ያንኑ እንዳይደግመው ስለምመኝ ይህን ጽፌአለሁ።

ባለፈው ዓመት ከደብረ ሲና የመጣ አንድ ወጣት ደውሎ «ጋሼ፣ አምስት መቶ ፓውንድ አጠራቅሜአለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ። «ገንዘብህን ያዘው፤ አስቀድመህ መሬቱን አግኝ» አልሁት። ለእርስዎም የምለው ይህንኑ ነው። በዚህ አገር ሜዳውም ጫካውም ባለቤት አለው፤ የአየር ጠመንጃ ይዞ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ መገኘት፣ ጠመንጃው ባዶ ቢሆን እንኳ፣ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ወንጀል ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም በአገሬው የጋራ የሣር አጠባበቅ ደንብ፣ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው ማን፣ መቼና ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይወሰን ስለነበረ ነው። ስለዚህ ከባለእርሻው በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ፤ በወረቀቱም ላይ ስምዎ፣ የመሬቱ ወሰን፣ የሚተኮስባቸው የእንስሳት ዓይነቶችና ፈቃዱ የሚጸናበት ጊዜ ይጠቀስ። ባለእርሻው መሬቱን የተከራየ ከሆነ የአደኑ መብት በእርሱ እጅ ነው ወይስ በባለመሬቱ እጅ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሁለቱ የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

ወደ ሕጉ እንግባ። በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው፣ ቀድሞ በወንጀል ተፈርዶበት ካልታገደ በቀር፣ ጉልበቱ፣ ማለትም ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚኖረው ኃይል፣ ከ12 ፉት ፓውንድ የማይበልጥ የአየር ጠመንጃ ያለ ምስክር ወረቀት ገዝቶ መያዝ ይችላል። 12 ፉት ፓውንድ ማለት 16 ጁል ያህል ነው። በስኮትላንድ ግን ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለዚሁ ጠመንጃ የፖሊስ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ሕጉ ከዚያም የጠበቀ ስለሆነ ከ1 ጁል የሚበልጥ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ወዳጅዎ በለንደን ያደረገውን እርስዎ በግላስጎው ቢያደርጉት ሊከሰሱ ይችላሉ። ከ12 ፉት ፓውንድ የሚያልፍ የአየር ጠመንጃም ሆነ ባሩድ የሚጠቀም ጠመንጃ ከፖሊስ የሚሰጥ ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ ግን ያንን መንገድ አልመክርም።

የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,000 ጁል ያህል ጉልበት አለው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወገኖቻችን 16 ጁሉን ሲሰሙ የልጅ መጫወቻ አድርገው ይቆጥሩታል። እንዲህ ዓይነቱ ግምት አደገኛ ነው። የአየር ጠመንጃ ዓይን ያጠፋል፤ በቅርብ ርቀት ሰው የገደለበትም ጊዜ አለ። ሌላው ከአገር ቤት የምናመጣው ልማድ ጠመንጃን ከክብር ጋር ማያያዝ ነው። በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ አባቶቻችን ምንሽር ወይም ዲሞትፈር አንግተው ገበያ ይወጡ ነበር፤ በሠርግና በለቅሶ ላይ ይተኮስ ነበር፤ ያ በአገሩ ወግ የሚኮራበት ነገር ነው። እዚህ ግን የአየር ጠመንጃን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ፣ ባይጎርስም እንኳ፣ ወንጀል ነው። ጎረቤት አይቶ ቢደውል ጠመንጃ የታጠቁ ፖሊሶች ይመጣሉ፤ ወንጀል ከተመዘገበብዎ ደግሞ ጉዳቱ እስከ መኖሪያ ፈቃድዎ ሊደርስ ይችላል። ጠመንጃዎ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ፣ በማኅደሩ ተሸፍኖ፣ ከቤት በቀጥታ ወደ እርሻው ይሂድ፤ ከእርሻውም በቀጥታ ወደ ቤት ይመለስ።

አሁን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን የገዛሁት ያገለገለ፣ ከአንድ ግለሰብ፣ በ140 ፓውንድ ነው፤ ርካሽ በመሆኑ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል ወደ አንድ የጠመንጃ መደብር ስወስደው ባለሙያው የጥይቱን ፍጥነት በመለኪያ ለካና ፊቱ ተለወጠ። የቀድሞው ባለቤት ሞላውን በጠንካራ ሞላ ቀይሮት ኖሮ ጉልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ አልፏል፤ እኔም ሳላውቅ ያለ ፈቃድ የተከለከለ መሣሪያ ይዤ ከርሜአለሁ። ሕጉ «አላውቅም ነበር» የሚለውን መልስ አይቀበልም። ባለሙያው ጠመንጃውን እዚያው አስቀርቶ አስተካከለልኝ፤ እኔ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ያገለገለ ጠመንጃ መግዛት ተገቢ ቢሆንም፣ የሚገዙት ከተመዘገበ ነጋዴ ይሁን፤ ፍጥነቱንም ፊትዎ እንዲለካልዎና ውጤቱን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ነጋዴ አዲስም ሆነ ያገለገለ የአየር ጠመንጃ ሲሸጥ በአካል ተገናኝቶ ማስረከብ በሕግ ግዴታው ነው፤ «በፖስታ አድርጌ እስከ ቤትዎ እልካለሁ» የሚል ነጋዴ ከገጠመዎ ይራቁት።

ከምርጫዎቹ ሁለቱን ዋና ዓይነቶች መለየት ይበቃል። አንደኛው ሞላ ያለው ነው፤ አፈሙዙን ወይም ከሥር ያለውን ዘንግ ስበው ሞላውን ይወጥራሉ፣ አንድ ጥይት ያጎርሳሉ፣ ይተኩሳሉ። ሁለተኛው አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራ ሲሆን በውስጡ ያለውን ማጠራቀሚያ በእጅ ፓምፕ ወይም በአየር ቦምቦላ ይሞሉታል። የታመቀው አየር ጠመንጃ ሲተኮስ አይራገጥም፤ በዚህም ምክንያት ለጀማሪ መምታት ያቀላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ዋጋው በአብዛኛው ከ500 ፓውንድ ተነሥቶ ከ1,000 ያልፋል፤ ፓምፑ ብቻውን ከ100 ፓውንድ በላይ ያስወጣል፤ አየር የሚያግዱት ጎማዎቹ ሲያረጁም አየር ያፈሳል። የሞላው ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚንቀሳቀስ አያያዙን መልመድ ይጠይቃል፤ አጥብቀው ከጨበጡት ይስታል፣ ዘና አድርገው ከያዙት ይመታል። እንደ እኔ ግምት ደመወዙ ትንሽ ለሆነና ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው የሚሻለው የሞላው ነው፤ ከጠመንጃውና ከጥይቱ ሌላ ወጪ አይጠይቅም፣ በአግባቡ ከተያዘም ለልጅ ይተርፋል። የጀርመኑ ቫይራውኽ የሚሠራቸው የሞላ ጠመንጃዎች በጥንካሬያቸው የታወቁ ናቸው፤ አዲሶቹ እንደየዓይነታቸው ከ300 እስከ 450 ፓውንድ ገደማ ይሸጣሉ፣ ያገለገሉት ደግሞ በግማሽ ያህል ዋጋ ይገኛሉ። የእንግሊዞቹ ኤር አርምስና ቢኤስኤም መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል።

የአፈሙዝ ስፋት በተነሣ ቁጥር ክርክር አይጠፋም። ነጥብ 177፣ ማለትም 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ቀላልና ፈጣን ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ርቀቱን ትንሽ ቢሳሳቱ ይቅር ይላል። ነጥብ 22፣ ማለትም 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ እጥፍ ያህል ስለሆነ በዝግታ ይሄዳል፣ ቶሎም ይወርዳል፤ ሲመታ ግን አጥብቆ ይመታል። ለጥንቸል ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ ርቀት መገመት እስኪለምዱ ድረስ ነጥብ 177ን እመርጥላችኋለሁ፤ እንስሳን የሚያቆስለው የጥይቱ ማነስ ሳይሆን የአነጣጣሪው ስሕተት ነውና።

ስለ ገንዘቡ ሳስረዳ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ከያዙት ገንዘብ ለጠመንጃው የሚያወጡት ከግማሽ እንዳይበልጥ። የደብረ ሲናው ወጣት በመጨረሻ የተመራውን ሒሳብ እነሆ፦ ከነጋዴ ለተገዛ ያገለገለ የሞላ ጠመንጃ 190 ፓውንድ፣ የሞላን ርግጫ ለሚችል ማነጣጠሪያ መነጽር ከነማሠሪያው 80፣ እያንዳንዳቸው 500 ጥይት ለያዙ 4 ቆርቆሮዎች 50፣ ለማኅደሩ 25፣ ለሚቆለፍ የብረት ሣጥን 70፣ ለአካባቢው የተኩስ ክበብ የዓመት መዋጮ 80፤ በድምሩ 495 ፓውንድ። ዋጋው እንደየቦታውና እንደየጊዜው ይለያያል፤ ክፍፍሉ ግን ብዙም አይለወጥም። አዲስ ጠመንጃ ከፈለጉ 150 ወይም 200 ፓውንድ ይጨምሩ፤ ያን ጊዜ ግን የጠመንጃው ድርሻ ከግማሽ ጥቂት ያልፋል። ገንዘቡን በዱቤ ካርድ ከመክፈል በዕቁብ መሰብሰብ ይሻላል፤ ዕጣው እስኪደርስዎ ባለው ጊዜ ውስጥም ፈቃዱን ያገኛሉ፣ በክበቡ ጠመንጃ ተውሰው ይለማመዳሉ። መነጽሩ ላይ አይቆጥቡ፤ ርካሽ መነጽር በሞላ ጠመንጃ ርግጫ ስለሚሰበር ሁለት ጊዜ መግዛት ይሆናል።

አራቱን ቆርቆሮ ጥይት ያለ ምክንያት አልቆጠርሁም። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ጥይቶች ለወረቀት ዒላማ ብቻ ናቸው። ከ25 ሜትር ላይ ተኝተውም ተቀምጠውም ሲተኩሱ፣ አምስቱም ጥይቶች በ25 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ በተከታታይ እስኪገቡ ድረስ በእንስሳ ላይ አያነጣጥሩ። በዚህ ጉልበት ጥንቸልን በአንድ ምት የሚገድለው ጭንቅላቷን፣ በዓይንና በጆሮ መካከል፣ መምታት ብቻ ነው፤ ርቀቱም ከ30 ሜትር አይለፍ። የ1996ቱ የዱር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳን ማሠቃየትን ይቀጣል፤ ከሕጉ በፊት ግን የእንስሳው ሥቃይ ራሱ ሊያሳስበን ይገባል። ከጥንቸሏ ጀርባ ምን እንዳለ ሳያዩም አይተኩሱ፤ ጥይቱ ከተፈቀደልዎ መሬት ወሰን ካለፈ ያም ጥፋት ነው።

ምን እንደሚተኮስና ምን እንደማይተኮስ ከባለእርሻው ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ጥንቸል፣ አይጥና ግራጫው ሽኮኮ (የአገራችን የዓለት ሽኮኮ ሳይሆን እንግሊዞች ስኩዊረል የሚሉት፣ ዛፍ ላይ የሚኖረው) ችግር የላቸውም፤ ግራጫው ሽኮኮ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን ቀዩ የአገሬው ሽኮኮ ግን በ1981ዱ የዱር አራዊትና የገጠር ሕግ የተጠበቀ ነው። ወፎች ሁሉ በዚያው ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ሰብል የሚያጠፋውን የዱር እርግብ መተኮስ የሚቻለው መንግሥት ለሁሉም በሚያወጣውና በየጊዜው በሚታደስ አጠቃላይ ፈቃድ ሥር፣ የተጻፉትን ሁኔታዎች አሟልቶ ብቻ ነው። እኔ እርግብ ላይ አልተኩስም። የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ሆና ስትሣል እያየሁ አድጌአለሁ፤ ይህንንም ለባለእርሻው ገና በመጀመሪያው ቀን ነገርሁት፣ እርሱም አከበረልኝ። የጥንቸል ሥጋም እንዲሁ ነው፦ ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ እንደማይበሉት አስቀድመው ይንገሩት፤ ባለእርሻው ለራሱ ይወስደዋል ወይም ለጎረቤት ይሰጠዋል፤ ሳይነገረው ቀርቶ ሥጋው ሲጣል ቢያይ ግን ሊያዝንብዎ ይችላል።

ቤትዎ የኪራይ ከሆነ ጠመንጃውን ከማስገባትዎ በፊት የኪራይ ውሉን ያንብቡ፣ አከራይዎንም ያስፈቅዱ። በቤቱ ውስጥ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ካለ ጠመንጃው እጁ እንዳይገባ በቂ ጥንቃቄ አለማድረግ ከ2011 ጀምሮ በራሱ ወንጀል ሆኗል፤ ስለዚህ በብረት ሣጥኑ ይቆለፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ልጆች በማያውቁት ስፍራ ይቀመጥ። ለመተኮስ በሚወጡበት ቀን ባለእርሻው ለጎረቤቶቹ ቀደም ብሎ እንዲነግርልዎ ይጠይቁት፤ በአካባቢው አዲስ ፊት ለሆነ ሰው ይህ እጅግ ይጠቅማል። ፖሊስ ቢመጣ ጠመንጃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ ያኑሩት፣ እጅዎ እንዲታይ አድርገው ይቁሙ፣ የታዘዙትንም ይፈጽሙ፤ የፈቃዱ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ በማኅደሩ ኪስ ውስጥ እንዳለ ይንገሯቸውና እነርሱ ራሳቸው እንዲያወጡት ይተዉላቸው።