ሐምሌ ላይ የጸዳው ቁም ሳጥን ነሐሴ ላይ ለምን ይሻግታል?

ሻጋታ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው በረኪና ነው። እኔም ሁለት ክረምት ያንኑ ሳደርግ ከረምኩ። ከእናቴ የወረስኩት የዋንዛ ቁም ሳጥን ጀርባው ሲጠቁር እወለውለዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ጥፋቱ የቁም ሳጥኑ ሳይሆን የቆመበት ቦታ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት ሻጋታው የት ጋ እንደወጣ በደንብ እዩ።

ጀርባው ብቻ ከሻገተ

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው። በክረምት ሌሊት የውጭው ግድግዳ ይቀዘቅዛል። ማታ ወጥ ሲሠራ፣ ውሃ ሲፈላ፣ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ የሚወጣው እንፋሎት ያንን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ዕቃው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ከኋላው አየር ስለማይዘዋወር ውሃው አይደርቅም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቫርኒሽ የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው፤ ጀርባው እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል።

ነገር ግን እርጥበቱ ከራሱ ከግድግዳው ሊመጣም ይችላል። ለመለየት ከመዳፍ ሰፋ ያለ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጉና ሁለት ቀን ጠብቁ። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ውሃ ካቋጠረ የቤቱ እንፋሎት ነው። ከኋላው ከራሰ ግን ውሃው የሚመጣው ከመሬት፣ ከሚያፈስ ቧንቧ ወይም ከተሰበረ አሸንዳ ነው፤ እሱ ሳይጠገን ዕቃውን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከሟሟ ሻጋታ ሳይሆን ጨው ነው፤ እሱም ግድግዳው ውሃ እየሳበ መሆኑን ይነግራችኋል።

ለማጽዳት ዕቃውን ባዶ አድርጋችሁ ከተቻለ ወደ ደጅ ወይም ወደ በረንዳ አውጡት። አስም ያለበት ሰው አጠገባችሁ አይሁን፤ እናንተም ማስክና ጓንት አድርጉ። በደረቁ አትቦርሹት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀጥሎ ውሃ ያልተጨመረበት አቼቶ ነፍታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዉትና ወልውሉት። ቀለሙን እንዳይለውጠው መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩ። በረኪና ለሴራሚክ ጥሩ ነው፤ ያልተቀባ እንጨት ላይ ግን ላዩን ያነጣና ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል። በረኪናና አቼቶ ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጀርባውንም ቫርኒሽ ቀቡት። መልሳችሁ ስታቆሙት ከግድግዳው አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። እኔን ከዚህ ጣጣ የገላገለኝ ይቺ ክፍተት ናት። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮቶቹን ክፈቱ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ክፍሉ ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ሰው ይገድላል።

ሻጋታ ሳይታይ ልብሱ ከሸተተ

ወይ በደንብ ያልደረቀ ጋቢ ገብቷል፣ ወይ ዝናብ የመታው ጫማ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሁሉንም አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ቁም ሳጥኑንም በሩን ከፍታችሁ አናፍሱት።

ሶፋው ከሸተተ

የሶፋው ልብስ የሚወልቅ ከሆነ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ስፖንጁ ውስጥ የገባ ሻጋታ ግን አይወጣም። ስፖንጁን መቀየር ገንዘብ ያስወጣል፤ ያም ሆኖ ልጅ የሚተኛበት ሶፋ ከሆነ አታመንቱ።

ከታጠበ በኋላም ጥቁሩ ካልለቀቀ

እሱ እንጨቱ ውስጥ የቀረ እድፍ ነው። ከደረቀ በኋላ ማስክ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉትና ቫርኒሽ ቀቡት። ሻጋታው ሳይጸዳ ቀለም ከተቀባበት ቀለሙ ይላላጣል።

ቺፕውዱ ካበጠ

ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፕውድ ወደ ቦታው አይመለስም። አናጺ ያበጠውን ቆርጦ ይቀይረው። ወለል ሲታጠብ ውሃው ዳግም እንዳይነካው ከሥሩ የፕላስቲክ እግር አስገቡለት።