አንዱ የጫነውን ፋይል ሌላው እንዳያርም ሲከለከል

ጎንደር ፒያሳ ሆነን ለሦስት የምናርመው የአስጎብኚዎች ድረ ገጽ፣ አንዳችን አዲስ ፋይል በጫንን ቁጥር ሌሎቹን «ፈቃድ የለም» እያለ ይመልስ ነበር። ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፤ የምንገባው በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በተመሰጠረ መንገድ ማስተላለፊያ) ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ ፋይል የፈጠረውን ሰው የግል ግሩፕ (የተጠቃሚዎች ስብስብ) ይይዛል፤ ዩማስኩ (ከአዲስ ፋይል የትኛው ፈቃድ እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር) 022 ስለሆነም ፈቃዱ 644 ይሆናል፤ ሁሉም ያነበዋል፣ ባለቤቱ ብቻ ይጽፍበታል። 777 ማድረግ (ለማንም ሁሉን መፍቀድ) ለጊዜው ያስታግሳል፣ ግን በር ከፍቶ መተኛት ነው።

ሦስታችንን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባሁ፤ የፎልደሩንም ግሩፕ ከነውስጡ ወደዚያው ቀየርኩ። ግሩፑም መጻፍ እንዲችል የፎልደሮቹን ፈቃድ 2775፣ የፋይሎቹን 664 አደረግሁ። ቁልፏ ያቺ የፊተኛዋ 2 ናት፦ አዲስ ፋይል ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታደርጋለች። ከዚያ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው አገልግሎት) ማዋቀሪያ፣ የግሩፑ የመጻፍ ፈቃድ እንዳይነሳ የኤስኤፍቲፒውን ዩማስክ 0002 አድርጌ አገልግሎቱን እንደገና አስነሳሁ (ሌላ የገባሁበትን መስኮት ሳልዘጋ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ውጭ መቅረት አለ)። የግሩፑ ለውጥ የሚይዘው ወጥቶ ሲገባ ነው።

ፋይል የምንጭንበት የዊንዶውስ ፕሮግራም ዊንኤስሲፒ ግን ፋይሉ ተጭኖም ስህተት ያሳይ ነበር። የፋይልን የለውጥ ሰዓት በፈለጉት መቀየር ለባለቤቱ ብቻ የተፈቀደ ነውና፣ ፋይሉን ከነቀድሞ ሰዓቱ የሚጭነውን ምርጫ ማጥፋት በቃው።

ሁለት ሰው አንድ ፋይል እኩል ከከፈተ ኋላ ያስቀመጠው የፊተኛውን ይደመስሳል፤ ለዚያ ጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ የሚያዋህድ ፕሮግራም) እንጂ ፈቃድ አይረዳም።