«ሄሚሃይድሬት» ማለት ምን ማለት ነው? ከጀሶ ሳፋ ጀምረን እንየው

ኮዬ ፈጬ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ሳሎኑ ገና ጀሶ አልነካውም ነበር። ሥራውን የያዘው ልጅ ጠዋት መጥቶ አንድ ሳፋ አቦካ። ሁለት ጊዜ ግድግዳው ላይ እንደቀባ ሳፋው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሆነበት። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። «ቲቸር፣ ይሄ ጀሶ የተበላሸ ነው፤ ለባለሱቁ ይመልሱለት» አለኝ።

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከከረጢቱ በፊት ሳፋውን አየሁ። ጠርዙና ታቹ ላይ የትናንቱ ጀሶ ተጋግሯል። ፍቆ፣ አጥቦ፣ በንጹህ ውሃ እንዲያቦካ ለመንኩት። ሦስተኛው ቡኮ አንዱን ግድግዳ ጨረሰለት። ጀሶው ምንም አልሆነም ነበር። ይህን የነገረኝ ተማሪዎቼ ለፈተና ሸምድደው የሚረሱት አንድ ቃል ነው፤ ሄሚሃይድሬት።

ቃሉን ለሁለት ክፈሉት። «ሄሚ» በግሪክ ግማሽ ማለት ነው። «ሃይድሬት» ደግሞ ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ ቦታ ይዞ የተቀመጠበት ውህድ ነው። ጀሶ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ስለዚህ ካልሲየም ሰልፌት ሄሚሃይድሬት ስትሉ፣ ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ግማሽ ውሃ ይደርሰዋል እያላችሁ ነው። እዚህ ላይ በየዓመቱ አንድ እጅ ይነሳል። «ቲቸር፣ የውሃ ሞለኪውል ይገመሳል እንዴ?» አይገመስም። ሁለት ካልሲየም ሰልፌት አንድ ውሃ ይጋራሉ። ግማሹ ድርሻ እንጂ ቁራጭ አይደለም።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። ሞኖ አንድ፣ ዳይ ሁለት፣ ፔንታ አምስት። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ፔንታሃይድሬት ነው። ውሃው ጨርሶ ከወጣ «አንሃይድረስ» ይባላል።

ሃይድሬትን «እርጥብ» ብላችሁ አትተርጉሙት። የከረጢቱ ዱቄት በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ነው፤ ውሃው ግን ውስጡ አለ። ከሃይድሮክሳይድም ለዩት። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ እዚያ ውሃው ራሱ ተለውጧል። በሃይድሬት ውስጥ ግን ውሃው ውሃ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ስታሞቁት ተመልሶ ይወጣል።

ቃሉ የሚያስፈልገን በአማርኛ ሦስት ነገሮችን ጀሶ ስለምንል ነው። ድንጋዩ ጀሶ ነው፣ ዱቄቱም ጀሶ፣ ግድግዳው ላይ የጠነከረውም ጀሶ። በኬሚስትሪ ድንጋዩ ዳይሃይድሬት ነው። በአባይ ሸለቆ፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ያለው የጀሶ ድንጋይ እንዲህ ዓይነት ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከውሃው ሦስት አራተኛው፣ ማለትም ከአራት ሦስቱ እጅ፣ ይተናል። 172 ግራም ድንጋይ 145 ግራም ዱቄት ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ይህ ነው፤ ሄሚሃይድሬት። በውሃ ስታቦኩት የተወሰደበትን መልሶ ይጠጣና ዳይሃይድሬት ይሆናል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ ይህን የውሃ መውጣትና መመለስ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1765 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ጀሶው ደረቀ» እንላለን። እኔ ይህን አባባል ክፍል ውስጥ ሁሌ አርማለሁ። ጀሶ የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ውሃ ስለጠጣ ነው። 100 ግራም ንጹህ ዱቄት ለዚህ የሚፈልገው 18.6 ግራም ውሃ ብቻ ነው። እኛ ግን እንዲታሽልን ከ60 እስከ 80 ግራም እንጨምራለን። ትርፉ ውሃ ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ ይተናል። እውነተኛው መድረቅ ያ ነው። ለቀለም አትቸኩሉ የምለውም ለዚህ ነው።

ወደ ሳፋው ልመለስ። ሄሚሃይድሬት ውሃ ውስጥ ከዳይሃይድሬት የበለጠ ይሟሟል። ስለዚህ ውሃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ዳይሃይድሬት ይሞላበታል፤ ትርፉ መርፌ መሰል ክሪስታል እየሆነ ይወጣል፣ እርስ በርሱም ይጠላለፋል። የትናንቱ ፍርፋሪ ደግሞ ራሱ ዳይሃይድሬት ነው። አዲሱ ክሪስታል የሚጀምርበት ቦታ ያገኛል። ለሊጥ እርሾ እንደ መጨመር ነው። ልጁን የገባው እርሾ ስለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳፋውን ሳይፍቅ አቡክቶ አያውቅም። መጠንከር የጀመረውን ቡኮ ውሃ ጨምሮ ማለሳለስም ያው ከንቱ ነው። የተጠላለፉት መርፌዎች ይሰበራሉ፣ ግድግዳው ላይ ይፈረፈራል። ጣሉት።

ክረምት ላይ ከረጢቱን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ሄሚሃይድሬት ከእርጥበትም ይጠጣል። ጣውላ ላይ አንሱት፣ አፉን እሰሩት። ከተጠራጠራችሁ አንድ ማንኪያ በትንሽ ውሃ አቡኩ። ካልጠነከረ ቀድሞውኑ ዳይሃይድሬት ሆኗል።

ልጆች በወፍራም ጀሶ ውስጥ እጃቸውን ነክረው ቅርጽ እንዲያወጡ ፈጽሞ አትፍቀዱ። ውሃውን ሲጠጣ ይሞቃል። ብዙ ሲሆን ቆዳ ያቃጥላል፤ ከጠነከረ ደግሞ እጅ አይወጣም። የሳፋውን እጣቢም ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ጀሶ ለመጠንከር አየር አይፈልግም፣ ውሃ የሞላ ቱቦ ውስጥም ድንጋይ ይሆናል።