ዋይፋይን በሁለተኛ ራውተር እስከ ሰርቪስ ቤት ማድረስ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ባሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ሳሎን የተቀመጠ ራውተር ጓሮ ላለው ሰርቪስ ቤት አይደርስም። ወፍራም ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፈውም። ብዙ ሰው ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ይገዛል። አይመከርም፤ ርካሹ ሪፒተር በተቀበለበት ሬዲዮ መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። በኬብል የተገናኘ ራውተር፣ አሮጌም ቢሆን፣ ይበልጠዋል።

ሁለቱን ራውተሮች የሚያገናኘው የኔትወርክ ኬብል ካት 6 (Cat 6) የሚባለው ዓይነት፣ ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም ሲታጠፍ ይሰበራል። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለም። ከጣሪያ ጣሪያ አታንጠልጥሉት፤ ክረምት ላይ በቅርብ የወደቀ መብረቅ የሁለቱንም ራውተር ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። በፕላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ ቅበሩት።

ዋናውን ራውተር በፍጹም ሪሴት አታድርጉ (ሴቲንጉን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አታስጀምሩት)። ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው ዩዘርኔምና ፓስዎርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ እሱ እስኪገኝ ድረስ ግቢው በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣል። ሪሴት የሚደረገው አሮጌው፣ ማለትም ሰርቪስ ቤት የሚቀመጠው ሁለተኛው ራውተር ነው።

አሁን ሥራው የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፦ ዲኤችሲፒ (DHCP)። ስልክም ሆነ ላፕቶፕ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ እንደ ቤት ቁጥር ያለ የራሱ አይፒ አድራሻ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያድለው ራውተሩ ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ ነው። የብዙ ራውተሮች የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ስለሆነ፣ ሁለቱ እንዳሉ ቢገናኙ አንድ አድራሻ ለሁለት ይይዛሉ፤ ሁለቱም አይፒ ያድላሉ። ስልኩ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ወይም ጠዋት ይሠራና ከሰዓት ይቆማል።

ስለዚህ አሮጌውን ከዋናው ጋር ሳታገናኙ፣ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር በኬብል አያይዙት። ከሥሩ በተለጠፈው አድራሻ ግቡ። መጀመሪያ የላን አይፒውን (LAN IP፣ የራውተሩን የራሱን አድራሻ) 192.168.1.2 አድርጉና ሴቭ በሉ። ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ በአዲሱ አድራሻ እንደገና ግቡ። ዲኤችሲፒን የምታጠፉት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ ላፕቶፑ አዲስ አይፒ የሚሰጠው ስለማያገኝ ተመልሳችሁ መግባት ያቅታችኋል። ያኔ ላፕቶፑ ላይ 192.168.1.50፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 ብላችሁ በእጅ ሙሉ።

ዋናው ራውተር ላይ ደግሞ የዲኤችሲፒው እደላ ከ192.168.1.10 እንዲጀምር አድርጉ። ያለበለዚያ 192.168.1.2ን አንድ ቀን ለአንዱ ተከራይ ስልክ ይሰጠዋል። የአንዳንድ ፋይበር ሳጥን አድራሻ 192.168.100.1 ነው፤ ስልካችሁ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ጌትዌይ» (Gateway፣ የዋናው ራውተር አድራሻ) የሚለውን አይታችሁ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ ቀይሩ።

ኬብሉን ከዋናው ራውተር ላን (LAN) ፖርት ወደ አሮጌው ላን ፖርት ሰኩ። የአሮጌው ዋን (WAN) የሚለው ፖርት፣ ብዙ ጊዜ በቀለም የተለየው፣ ባዶውን ይቅር። እሱ ላይ ከተሰካ ራውተሩ የራሱን ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ኢንተርኔት ቢመጣም ሳሎን ያለው ፕሪንተር ከሰርቪስ ላሉት ስልኮች አይታይም።

የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ሁለቱም ላይ አንድ ይሁን፣ ጥበቃው ዳብሊውፒኤ2 (WPA2)። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 አድርጉ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ በድንጋይ ግድግዳ ግን እምብዛም አያልፍም።

ከሰርቪስ ሆናችሁ በስልክ ብሮውዘር 192.168.1.1 ክፈቱ። ገጹ ከመጣ ኬብሉም ሴቲንጉም ደህና ነው። ገጹ መጥቶ ኢንተርኔት ከሌለ የፋይበር ሳጥኑን መብራቶች እዩ፤ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው ቀይ ከሆነ ችግሩ ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ነው፣ ራውተሮቹን አትነካኩ።